«ምት»፣ «ሽባ»፣ «ተሃድሶ»፦ ስትሮክ የመታውን ሰው ስለ ማንቀሳቀስ የሚነገሩ ቃላት ሲመረመሩ

የሙያ ቃላትን የማውጣት ሥራ ብዙውን ጊዜ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚከናወን ነው። የውጭው ቃል በአንድ ረድፍ፣ አቻው በሌላው ረድፍ ይሰፍራል፤ ባለሙያዎቹ ሲስማሙ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። አሠራሩ ለኬሚስትሪና ለጂኦሜትሪ ቃላት እምብዛም ጉዳት የለውም፤ ተማሪው መጽሐፉን ደጋግሞ ስለሚያነብ ግር ያለው ቃል ውሎ አድሮ ይለመዳልና። ቃሉ የሚነገረው በአንድ ሌሊት ግማሽ አካሉ ለከዳው ሰውና ለአስታማሚው በሆነ ጊዜ ግን የስያሜው ጉድለት ከወረቀት ወርዶ በሰው ትከሻና ጉልበት ላይ ያርፋል። በዚህ ጽሑፍ ስትሮክ ከተባለው ሕመም በኋላ ስለሚሰጠው የእንቅስቃሴ ሕክምና በአማርኛ የሚነገሩትንና የሚጻፉትን ቃላት እንመረምራለን፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹን እንነቅፋለን፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ከተራው ሰው አፍ አንሥተን ወደ መዝገበ ቃላት ይግቡ እንላለን።

ለምርመራው መለኪያ ይሆነን ዘንድ የሀዋሳን ባህል አዳራሽ መርጠናል። በዚያ የተደረገን አንድ ስብሰባ ልንተች አይደለም፤ እያንዳንዱን ስያሜ «በዚያ መድረክ ላይ ቢነገር ምን ይሆናል?» ብለን ለመጠየቅ ስለሚያመቸን ነው። ሀዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ሲሆን፣ በከተማዋ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይነገራሉ። በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም ተቋቁሞ ኋላ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ተቋም የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥንባታል። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ በአዳራሹ መድረክ ቆሞ ስለ ስትሮክ በአማርኛ ቢያስተምር አድማጩ ቃሉን የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የግርጌ ማስታወሻ የለም፤ ገጽ መመለስ የለም። ከአድማጮቹም ብዙዎቹ የሰሙትን ቤታቸው ይዘው ገብተው በሌላ ቋንቋ ይናገሩታል። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ እንኳ በግድ የሚገባ ስያሜ ይህን ሁለተኛ ጉዞ አይዘልቀውም።

በመጀመሪያ የሕመሙን ስም እንመልከት። በሐኪም ቤትም ሆነ በቤተሰብ መካከል ጎልቶ የሚሰማው «ስትሮክ» ነው። በጽሑፍ የአማርኛ ምትክ ይሁን ተብሎ የሚቀርበው ደግሞ «የአንጎል ምት» ነው። ይህን ስያሜ የሚነቅፉ ሰዎች የእንግሊዝኛ ግልባጭ ነው ይላሉ። ነቀፌታው ግማሽ እውነት አለው። የእንግሊዝኛው ቃል «የእግዚአብሔር እጅ ምት» ከሚል የቆየ አነጋገር አጥሮ የቀረ ነው፤ ግሪኮች ሕመሙን አፖፕሌክሲያ ሲሉት መትቶ መጣልን ማለታቸው ነበር፤ ጀርመኖችም በስማቸው ውስጥ ያንኑ መምታት ይዘዋል። ዐረቦች ግን ሰክታ ይሉታል፤ ዝም ማለትን፣ ቀጥ ማለትን የሚያመለክት ነው። በእኛም ዘንድ ድንገተኛ ሕመምን በመምታት መግለጽ ባዕድ አይደለም። ምች መታው፣ መጋኛ መታው፣ መብረቅ መታው እንላለን፤ «ምች» የሚለው ስም ራሱ ከመታ ግስ የወጣ ይመስላል። ስለዚህ ግሱ አገር በቀል ነው፤ በትርጉም አልመጣም።

ጉድለቱ በግሱ ሳይሆን በስሙ ላይ ነው። «የልብ ምት» ስንል የጤናማውን ልብ አመታት ማለታችን ነው፤ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ የሚቆጥረው እርሱን ነው። በዚሁ ሚዛን «የአንጎል ምት» የሚለውን አዲስ የሰማ ሰው አንጎልም እንደ ልብ የሚመታ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። ስፖርት ወዳዱ በበኩሉ ከቅጣት ምትና ከማዕዘን ምት ሌላ አያስታውስም። በአዳራሹ መድረክ «የአንጎል ምት ያጋጠመው ሰው» ቢባል ራሱን በዱላ የተመታ ሰው በአድማጩ ዐይነ ሕሊና መምጣቱ አይቀርም። ሕዝቡ ግን ስያሜ አውጪዎችን ሳይጠብቅ ነገሩን ፈጽሞታል፤ «ስትሮክ መታው» ይላል። የውጭውን ስም በአገሩ ግስ አስሮ ዐረፍተ ነገር አድርጎታል። እኛም ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

በዚህ ቦታ የተውሶ ቃሉ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው። ምች ለመታው ሰው ዳማከሴ ይጨመቅለታል፤ መጋኛ ለመታው ጸበል ይታሰባል። ፊቱ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ፣ ክንዱ የወደቀና ንግግሩ የተኮላተፈ ሰው በእነዚህ ስሞች ከተጠራ ቤተሰቡ በስሙ መሠረት መድኃኒቱን ይፈልጋል፤ ቀኑም ይመሻል። የረጋ ደም ለማሟሟት በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲደርስ ነው። መድኃኒቱ በአገራችን የሚገኝባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ይሁን እንጂ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መድረስ ለሌላውም እርዳታ ሁሉ መጀመሪያ ነው። ስትሮክ የሚለው ቃል ባዕድነቱ ራሱ ከምችና ከመጋኛ ለይቶ ያቆመዋል። የቃል ንጽሕና ወዳዶች ይህን ሲሰሙ ቅር እንደሚላቸው እናውቃለን።

ሌላው ተዘውታሪ ስያሜ «የጭንቅላት ደም መፍሰስ» ነው። ይህኛው በጆሮ የሚገባ፣ በአማርኛ ሰዋስው ያልተዛነፈ፣ በትርጉሙ ግን የተሳሳተ ነው። በዓለም ላይ ከሚደርሱት ስትሮኮች አብላጫዎቹ የሚመጡት ደም በመፍሰሱ ሳይሆን የደም ሥር በመዘጋቱ ነው። አንዱን ክፍል በሁሉ ስም መጥራት በተራ ንግግር የተለመደ ስለሆነ ምን ይጎዳል የሚል ይኖር ይሆናል። የሚጎዳው የሁለቱ ሕክምና ተቃራኒ ስለሆነ ነው፤ ለመዘጋቱ የሚሰጠው ማሟሟቻ በመፍሰሱ ላይ ቢሰጥ ይገድላል። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ስሕተት ቀደም ሲልም ታይቷል። «ደም ብዛት» የሚለው ስም ሕመሙን የደም መጠን መብዛት አስመስሎታል፤ «ደም ግፊት» የሚለው ሲተካው ግን ሕመሙም መለኪያውም በአንድ ቃል ተገለጡ። ከሕክምና ስያሜዎቻችን ሁሉ ይህን ያህል የተሳካልን ጥቂት ነው፤ «ቀዶ ጥገና» ኦፕራሲዮንን ከጽሑፍ ያስለቀቀበት ሌላው ነው። በዚሁ መንገድ ለሁለቱ የስትሮክ ዐይነቶች «የመዘጋት ስትሮክ» እና «የመፍሰስ ስትሮክ» የሚሉትን እንመርጣለን። ውበት የላቸውም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የሰማቸው አይስታቸውም፤ ወደ ሌላ ቋንቋም ቃል በቃል ይሻገራሉ።

ወደ በሽተኛው ሁኔታ ስንሻገር «ሽባ» የሚለውን ቃል እናገኛለን። ቃሉ ጥንታዊ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ይዞታል። በግእዙ መፃጉዕ የተባለው፣ በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በስሙ የሚታሰብለት ሰው 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረ ነው። ቃሉ ከዚህ ሁሉ ዘመን ጋር የተሸከመው ትርጉም አለ፤ ሽባ በተአምር እንጂ በልምምድ አይነሣም። ለሃይማኖታዊው ታሪክ ተገቢ የሆነው ይህ ትርጉም ለሕክምናው ጠንቅ ይሆናል። ከስትሮክ በኋላ ብዙው ሰው ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ያለው የደከመ፣ ትእዛዝ የሚሰማ ግን ፈጥኖ የማይታዘዝ አካል ነው። ሐኪሞች ሁለቱን በሁለት ስም ይለያሉ። እኛም «ሽባነት»ን ፈጽሞ አለመንቀሳቀስ ለሆነው ብቻ ትተን፣ ለሁለተኛው «ዝለት» የሚለውን ብንወስድ መልካም ነው። እጁ ዛለ፣ ጉልበቱ ዛለ የማይል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ የዛለ ነገር ደግሞ ሊበረታ እንደሚችል ግሱ ራሱ ይነግረናል። አስታማሚዋ «ሽባ ሆኗል» ስትባል ትራስ ታስተካክላለች፤ «ግራ ጎኑ ዝሏል» ስትባል ግን «ታዲያ ምን እናድርግ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም።

እዚህ ላይ ስለ «አስታማሚ» አንድ ቃል እንበል። ታመመ ከሚለው ግስ በአስታ- ተመሥርቶ «ከታመመው ጋር ሕመሙን የሚያስችል» ማለት የሆነው ይህ ስም በብዙ ቋንቋ አቻው በሁለትና በሦስት ቃል የሚነገር ነው። የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት በመሆኑ አብዛኛው ልምምድ በቤት ውስጥ የሚሠራው በአስታማሚ እጅ ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ቃላት የመጀመሪያ ተጠቃሚ እርሷ ናት።

የሕክምናው ጠቅላላ ስም «ተሃድሶ» ሆኗል። ሐደሰ ከሚለው ግእዝ የወጣ ስለሆነ ተሐድሶ ተብሎ ቢጻፍ ይሻል ነበር፤ የሆሄው ጉዳይ ግን ትንሹ ነው። ቃሉ ባለፉት አሥርተ ዓመታት እጅግ ተሸክሟል። ፓርቲ ራሱን ሲገመግም ተሃድሶ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርቱ ክርክር ያስነሣ እንቅስቃሴ በዚሁ ስም ይጠራል፤ ትጥቅ የፈቱ ተዋጊዎች የሚገቡበትም ተሃድሶ ነው። «ባለቤትሽ ተሃድሶ ያስፈልገዋል» የተባለች ሴት ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ ብታስብ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ ተሃድሶ አዲስ መሆንን ይሰብካል፤ ስትሮክ የመታው ሰው ግን አዲስ አይሆንም፤ ከቀረው ጋር መኖርን ነው የሚማረው።

ከዚህ የተሻለ ቃል በእጃችን ነበር። በ1960ዎቹ ከወሎው ድርቅ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ኮሚሽን በስሙ ውስጥ ያንኑ የውጭ ቃል የተረጎመው «ማቋቋሚያ» በሚለው ነው፤ ዛሬም የተፈናቀለን ሰው መልሶ ማቋቋም እንላለን። ሥሩ ቆመ ነው። ቆመ፣ አቆመ፣ ተቋቋመ፣ አቋቋመ፤ መቆም፣ ማስቆም፣ መቋቋም፣ ማቋቋም። ችግርን የሚችል ሰው ተቋቋመው ይባላል፤ የወደቀን የሚረዳ አቋቋመው ይባላል። ለሰውነት ሕክምና ይህን ያህል የሚስማማ ሥር ሌላ አናገኝም፤ ተርጓሚዎች ግን ለቤት ንብረትና ለመንደር ብቻ ትተውታል። «የማቋቋም ሕክምና» ወይም «መልሶ የማቋቋም ሕክምና» ቢባል የአዳራሹን ፈተና ያልፋል፤ ወደ ሲዳሙ አፎም ሆነ ወደ ወላይትኛ የሚመልሰው ሰው «እንደ ገና እንዲቆም የሚያደርግ» ብሎ ይገላገላል። አንድ እንከን አለበት፤ «አቆመው» ሲባል ማስቆምም ማስነሣትም ስለሚሆን፣ በመመሪያ ውስጥ «ደግፋችሁ አቁሙት» እንጂ «አቁሙት» ብቻ አይጻፍ።

የባለሙያው ስም ከሁሉ የሚያከራክረው ነው። «ፊዚዮቴራፒ» ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት በሥጋ ደዌ የታጠፉ ጣቶችን ለማፍታታት ከቀዶ ጥገና ጎን ለጎን የተጠቀመበት ሙያ ነው፤ በኋላም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎቹን በዲግሪ ማሠልጠን ጀመረ። ሆኖም ቃሉ ለአፍ ይከብዳል፤ «ፊዝዮ»፣ «ፊዚዎቴራፒ» እየተባለ በየአፉ ይቆራረጣል። ስለዚህ «ወጌሻ» የሚለውን ለምን አናሳድገውም የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይሰማል። የስፖርት ዘጋቢዎች ተጫዋች ሲወድቅ ወደ ሜዳ ሮጦ የሚገባውን ባለሙያ ወጌሻ ብለው በመጥራት መንገዱን ከፍተዋል። በእርግጥም ቃሉ አጭር ነው፣ የታወቀ ነው፣ አክብሮት አለው።

እኛ ግን አጥብቀን እንቃወመዋለን። ምክንያታችን ወጌሻን መናቅ አይደለም። ወጌሻ የወለቀን ይመልሳል፣ የተሰበረን ያቃናል፣ ወለም ያለን ያሻል፤ ሥራው መሳብና ማሸት ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ትከሻ ግን መሳብን ፈጽሞ አይወድም። ክንዱን ከትከሻው ጋር ይዘው የሚያቆዩት ጡንቻዎች ስለዛሉ የክንዱ ክብደት ራሱ አጥንቱን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ከትከሻው ጫፍ በታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይሰማል። ቤተሰቡ ይህን ሲዳስስ «ወለምታ ነው»፣ «ውልቃት ነው» ይላል፤ ስሙ ወጌሻን ይጠራል፤ ወጌሻውም እንደ ሙያው ይስባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የትከሻ ሕመም በሽተኛውን ከልምምዱ የሚያስቀር ነው። ስለዚህ ለዚህ ሁኔታ ወለምታንም ውልቃትንም ትተን «የትከሻ መላላት» እንበል። የላላ ነገር አይጎተትም፤ ይደገፋል። በሽተኛውን በብብቱ ይዞ ማንሣት የማይገባ መሆኑንም «ትከሻው ላልቷል» የሚለው ቃል ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ያስታውሳል። የባለሙያው ስም ደግሞ ለጊዜው ፊዚዮቴራፒስት ሆኖ ይቆይ፤ ሥራው ግን በአማርኛ ይነገር።

የሥራው ቃላት ላይ ስንደርስ የተርጓሚዎች ጥፋት ይበዛል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ልምምዶቹን በሦስት ይከፍላል፤ በሽተኛው ራሱ የሚሠራው፣ እየታገዘ የሚሠራው፣ ሌላ ሰው የሚሠራለት። በአንዳንድ ትርጉሞች ሦስተኛው «ተገብሮ እንቅስቃሴ» ተብሏል። ገቢርና ተገብሮ የሰዋስው ቃላት ናቸው፤ ተርጓሚው ትምህርት ቤት የተማረውን አስታውሶ ከግስ ክፍል አምጥቶ በአልጋ ላይ አስተኛቸው። የሚያስገርመው ግን አማርኛ ለዚህ ሁሉ ቅጽል የማያስፈልገው መሆኑ ነው፤ እንግሊዝኛ በቅጽል የሚለየውን እኛ በግስ ርባታ እንለየዋለን። ተገላበጠና አገላበጠ፣ ተነሣና አነሣ፣ ሄደና አስኬደ ማን እንደ ሠራው ይናገራሉ። ተሳቢው እጅ ሲሆን ግን ርባታው ብቻውን አይበቃም፤ «ክንዱን ዘረጋ» ሲባል የራሱን ይሁን የሌላውን አይታወቅም። እዚያ ላይ ደግሞ -ለት ይደርስልናል፤ «ይዘርጋ»፣ «ሲዘረጋ አግዙት»፣ «ዘርጉለት»። ሦስቱም የልምምድ ዐይነቶች ያለ አንድ አዲስ ቃል ተነገሩ። ይህን በአዳራሹ መድረክ የሚናገር ባለሙያ ማብራሪያ አይጠየቅም።

የማገዝን ትርጉም በግሱ ውስጥ የሚይዝ መልክም አለን፤ አፋለገ አብሮ መፈለግን፣ አዋለደ ወላዲቱን ማገዝን ያመለክታል። አዋላጇ አትወልድም፤ የምትወልደው እናቲቱ ናት። የፊዚዮቴራፒስቱ ሥራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም። ከዚህ ተነሥቶ ከየግሱ በዚሁ መልክ አዳዲስ ቃል ማርባት የሚያምረው ሰው አይጠፋም፤ ጆሮ የማይቀበላቸው ስለሚሆኑ አንመክርም። አንዱን ግን ከባለቤቶቹ ልናስመልስ ይገባል፤ «ማራመድ»ን። ዛሬ የሚራመደው ሐሳብና አቋም ብቻ ሆኗል። በክንዱ ደግፎ በሽተኛን ማስኬድ ከሐሳብ በፊት የቃሉ ባለ መብት ነው።

ስለ ጊዜ አጠቃቀም ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ቀደምት እንቅስቃሴ» የሚል ትርጉም አጋጥሞናል፤ ቀደምት ያለፉ አባቶች እንጂ ፈጥኖ መጀመር አይደለም። «በቶሎ ማንቀሳቀስ» የሚለውም በቋንቋ ቢቀና በይዘት ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በ5 አገሮች 2,104 በሽተኞችን የያዘ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ደጋግሞና አብዝቶ ከአልጋ ማስነሣት ከ3 ወር በኋላ የሚገኘውን ውጤት እንደሚያሳንስ አሳይቷል። «ቶሎ» የሚለው ቃል ሰዓትና መጠን ካልተጨመረበት ቅን አስታማሚን ያሳስታል።

ጡንቻ ሲጠነክር የሚባለውን በአጭሩ እንለፈው። ለሁለት የተለያዩ ነገሮች «ግትርነት» ብቻ ይሰጣል። አንደኛው በፍጥነት ሲስቡት የሚታገል፣ በቀስታ ሲስቡት የሚለቅ ነው፤ ሁለተኛው አጥሮ የቀረና በቀስታም የማይለቅ ነው። የመጀመሪያውን «መወጣጠር»፣ ሁለተኛውን «መኮማተር» ብንል በቂ ነው። እንዲሁም ዳዴና ድክ ድክ የሚሉት ቃላት እርምጃን ለማስተማር የሚመቹ ቢመስሉም፣ ልጅና የልጅ ልጅ ያዩ አባት በጎረቤት ፊት ዳዴ ይበሉ ሲባሉ የሚሰማቸውን ማሰብ ይገባል።

በመጨረሻ ገና ስያሜ ስላልተበጀለት አንድ ነገር። ኤድዋርድ ታውብ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እንዳስረዳው፣ የዛለ እጅ ብዙ ጊዜ የማይሠራው ስለማይችል ብቻ ሳይሆን፣ ሞክሮ አልሆን ስላለው መሞከርን ስለ ተወ ነው። መድኃኒቱም ደኅናውን እጅ ጓንት አልብሶ ሥራውን ለዛለው መተው ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሙከራ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር በሆናቸው 222 ሰዎች ላይ ጥቅሙን አሳይቷል። ዘዴው የሚጠቅመው ጣቱንና አንጓውን ጥቂትም ቢሆን ማንቀሳቀስ ለሚችል ሰው ነው። ይህን «ልማዳዊ ኢ-ተጠቃሚነት» ብሎ የሚተረጉም ሰው እንዳይነሣ አስቀድመን «የቦዘነ እጅ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ቦዘነ የሚባለው ጉልበት እያለው ሥራ የፈታ ነውና። ለዘዴውም «ደኅናውን እጅ ማሰር» አይባል፤ ማሰር ገመድንና እስር ቤትን ይጠራል። «ጓንት ማልበስ» ይበቃል።